የኢንፍሉዌንዛ ክትባቶች ከላስታ ደጋ ሲታዩ

በላስታ ተራሮች መካከል በሚገኝ ጤና ኬላ የክትባት ቀን ሲደርስ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ የክትባት ሳጥኗን ትከፍታለች። በበረዶ ጥቅሎች መካከል ብልቃጦች ተሰድረዋል፤ የፖሊዮ ጠብታ፣ አምስት በሽታዎችን በአንድ መርፌ የሚከላከለው ፔንታቫለንት፣ የሳንባ ምች ክትባት፣ የሮታ ጠብታ፣ የኩፍኝ ክትባት፣ ለነፍሰ ጡሮች ደግሞ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት። ፔንታቫለንት በ1999 ዓ.ም.፣ የሳንባ ምች ክትባት በ2004 ዓ.ም.፣ ሮታ በ2006 ዓ.ም. ወደ መደበኛው መርሐ ግብር ገብተዋል። የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ግን ከሳጥኑ ውስጥ የለም። ለጉዞ ወይም ለሥራ ብለው በግል ከፍለው ከሚከተቡ ጥቂት ሰዎች በቀር ኢትዮጵያዊ ይህን መርፌ አያውቀውም።

ታዲያ የሌለን ክትባት ማወዳደር ምን ይረባል? ይረባል፤ ምክንያቱም አንድ ቀን ይገባ ቢባል ከመጀመሪያዎቹ ጥያቄዎች አንዱ የትኛው ይግባ የሚል ነው። ዛሬ በዓለም ገበያ ላይ ያሉት የኢንፍሉዌንዛ ክትባቶች በአሠራርም፣ በዋጋም፣ በመከላከል አቅምም ይለያያሉ። የሚወዳደሩት ደግሞ በአብዛኛው በሀብታም አገሮች፣ የታወቀ የክረምት ወረርሽኝ ባለባቸው ከተሞች ነው። 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ላለችው ላሊበላ፣ ከ4,200 ሜትር በላይ ለሚወጣው ለአቡነ ዮሴፍ ግርጌ ነዋሪ ያ ውድድር ምን ያህል ይሠራል የሚለው ለብቻው መታየት አለበት።

አካባቢው ለመተንፈሻ አካል በሽታ የተመቸ ነው። ሌሊቱ ብርድ ነው፤ ቤተሰብ በአንድ ጎጆ ይሰበሰባል፤ ምድጃው በእንጨትና በኩበት ይነዳል፤ ጭሱ የሕፃኑንም የእናቱንም ሳንባ ሲያንገበግብ ያድራል። በዚያ ላይ ገና አለ። በታኅሣሥ መጨረሻ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ምዕመን ከየአውራጃው ወደ ላሊበላ ይጎርፋል፤ ብዙው ለቀናት በእግሩ ተጉዞ የመጣ ነው። የከተማው ሰው እግር አጥቦ ያስተናግደዋል፤ እንግዳው ሌሊቱን በአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግቶ በጋቢው ተጠቅልሎ ያድራል። በሳልና በማስነጠስ ለሚተላለፍ ቫይረስ ከዚህ የበለጠ መንገድ የለም። ምዕመኑም ከበዓሉ በኋላ ወደየመንደሩ ይበተናል።

ኢንፍሉዌንዛ ከተራ ጉንፋን ይከብዳል። ድንገት ይጀምራል፤ ትኩሳቱ ከፍተኛ ነው፤ ቁርጥማቱ አልጋ ላይ ይጥላል። ብዙው ሰው በሳምንት ውስጥ ይድናል። የሚፈራው ለሕፃናት፣ ለነፍሰ ጡሮች፣ ለአረጋውያን፣ ለአስምና ለልብ ሕሙማን ነው፤ እነሱን ወደ ሳንባ ምች ይወስዳቸዋል። ኢትዮጵያ ይህን ቫይረስ በጣም በከፋ መልኩ ያየችው በኅዳር 1911 ዓ.ም. ነበር። የኅዳር በሽታ እየተባለ በሚታወሰው በዚያ ወረርሽኝ በአዲስ አበባ ብቻ 10 ሺህ ያህል ሰው እንዳለቀ ይገመታል፤ አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪም ታመው ነበር የዳኑት። ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ የሚቃጠልበት፣ ኅዳር ሲታጠን የሚባለው ልማድ ከዚያ ዘመን የተረፈ ነው። ያኔ ቫይረሱን ያወቀው ሐኪም በዓለም ላይ አንድም አልነበረም፤ የሰው ኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ የተለየው እ.ኤ.አ. በ1933 ለንደን ላይ ነው።

ክትባቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ቶማስ ፍራንሲስና ዮናስ ሳልክ በአሜሪካ ጦር ሠራዊት ውስጥ የሞከሩት ክትባት እ.ኤ.አ. በ1945 ጥቅም ላይ ዋለ፤ ሠራም። በ1947 ግን ያው ክትባት ከሸፈ። የከሸፈው ክትባቱ ተበላሽቶ ሳይሆን ቫይረሱ መልኩን ስለለወጠ ነው። የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ታሪክ በሙሉ ከዚያች ዓመት ወዲህ ይህን ለውጥ የማሳደድ ታሪክ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በየካቲት ለሰሜኑ፣ በመስከረም ለደቡቡ የምድር ክፍል፣ በሚቀጥለው ወቅት ይዛመታሉ ብሎ የገመታቸውን ዝርያዎች ያሳውቃል፤ ፋብሪካዎችም ያን ይዘው ወራት የሚፈጅ ምርት ይጀምራሉ። ግምቱ ሲሰምር ክትባቱ ይሠራል፤ ሳይሰምር ይደክማል።

በቁጥር እንየው። በአሜሪካ ክትባቱ ከቫይረሱ ጋር በተገጣጠመባቸው ዓመታት ሐኪም ቤት የሚያስመጣ ሕመምን ከ40 እስከ 60 በመቶ ይቀንሳል። የኤች3ኤን2 ዝርያ ባፈነገጠበት እ.ኤ.አ. በ2014/15 ወቅት ግን የመከላከል አቅሙ ወደ 19 በመቶ ወረደ፤ በ2017/18 ደግሞ 38 በመቶ ሆነ። ፋብሪካው ያው፣ አሠራሩ ያው፣ ሰዉም ያው ሆኖ ውጤቱ በዓመት እጥፍና ከዚያ በላይ ይለያያል። ስለዚህ ማንኛውንም ሁለት ክትባት በተለያየ ዓመት ተለክተው ባገኙት ቁጥር ማወዳደር ትርጉም የለውም።

በመቶኛውም ብዙ ሰው ይሳሳታል። 60 በመቶ ማለት ከመቶ ተከታቢ 40ው ይታመማል ማለት አይደለም። በመቶ ባልተከተቡ ሰዎች መካከል 5 ሰው ቢታመምና በመቶ ተከታቢዎች መካከል 2 ቢታመም ክትባቱ 60 በመቶ ሠርቷል ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ኮክሬን የተባለው የጥናት ገምጋሚ ተቋም ግምገማ ጤናማ ጎልማሶች ላይ የተደረጉ ሙከራዎችን አንድ ላይ ሲመዝን፣ በአንድ ወቅት በኢንፍሉዌንዛ የሚያዘው ሰው ከ2.3 ወደ 0.9 በመቶ እንደሚወርድ አገኘ፤ አንድ ሰው ከሕመም ለማትረፍ 71 ሰው መከተብ አለበት ማለት ነው። ለጎልማሳው ይህ ትንሽ ነው። ለአረጋውያን በዚያው ዓመት የተሠራው ግምገማ ከ6 ወደ 2.4 በመቶ መውረዱን አሳየ። በሽታው በሚበዛበትና በሚገድልበት ቦታ ያው መቶኛ ብዙ ነፍስ ያድናል።

አሁን ወደ ውድድሩ። አብዛኛው የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ዛሬም የሚመረተው በዶሮ እንቁላል ውስጥ ነው። ቫይረሱ እንቁላል ውስጥ ሲራባ ለእንቁላሉ እንዲስማማ ራሱን ይለውጣል፤ ይህ በተለይ ኤች3ኤን2 ላይ ክትባቱን ከእውነተኛው ቫይረስ ያርቀዋል። በሴል ውስጥ የሚመረተው ክትባት ይህን ችግር ያልፋል፤ እ.ኤ.አ. በ2017/18 ወቅት በአሜሪካ አረጋውያን ላይ ሲታይ ከእንቁላሉ ክትባት በ10 በመቶ አካባቢ ተሻለ። ቫይረስ ሳይራባ ፕሮቲኑ ብቻ በነፍሳት ሴል የሚመረትበት ሌላ ክትባት ደግሞ ዕድሜያቸው 50 እና ከዚያ በላይ በሆኑ ሰዎች ላይ ተሞክሮ እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣው ውጤት ከተለመደው በ30 በመቶ ያነሰ ሕመም ታየበት።

ለአረጋውያን ተብሎ የተሠራው፣ ከተለመደው አራት እጥፍ ንጥረ ነገር ያለው ክትባት የበለጠ ዝና አለው። 32 ሺህ ገደማ ሰዎች በተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2014 በታተመው ሙከራ ከተለመደው ክትባት በ24 በመቶ ተሻለ። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሰዎች ይህንን፣ የነፍሳት ሴሉንና የሰውነትን ምላሽ የሚያጎላ ማጠናከሪያ የታከለበትን ክትባት አስቀድማ ትመክራለች፤ ዋሽንግተንና ሚኒሶታ ያሉ ኢትዮጵያውያን ወላጆቻቸውን ይዘው ፋርማሲ ሲሄዱ የሚቀርብላቸው ከእነዚህ አንዱ ነው። ነገር ግን ዴንማርክ ከ330 ሺህ በላይ አረጋውያንን በዕጣ ከፍላ ከፍተኛ መጠን ያለውንና የተለመደውን ክትባት ስታነጻጽር፣ እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣው ውጤት በኢንፍሉዌንዛ ወይም በሳንባ ምች ሆስፒታል በመተኛት ረገድ አስተማማኝ ልዩነት አላሳየም። በኢንፍሉዌንዛ ብቻ ሆስፒታል የተኙት ለየብቻ ሲቆጠሩ ከፍተኛ መጠን ያለው ክትባት ቀንሷቸው ነበር። የትኛው እውነት ነው ቢባል ሁለቱም ነው፤ ሙከራው ምን እንደለካ መታየት አለበት።

ከሁሉም ይልቅ ለአፍሪካ ትምህርት ያለው በአፍንጫ የሚነፋው ክትባት ነው። መርፌ የለውም፤ የተዳከመ ሕያው ቫይረስ ነው፤ ለልጆች ይመቻል። ከገጠር ጤና ኬላ አንጻር ሲታይ ተስማሚ ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ2015/16 ወቅት ግን አሜሪካ ውስጥ ከ2 እስከ 17 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ የመከላከል አቅሙ 3 በመቶ ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ በዚያው ወቅት መርፌው 63 በመቶ ሠርቶ ነበር። በሰኔ 2008 ዓ.ም. የአሜሪካ የክትባት አማካሪ ኮሚቴ ክትባቱ ለሚቀጥለው ወቅት እንዳይሰጥ ወሰነ። እንግሊዝና ፊንላንድ በዚያው ወቅት ያንኑ ክትባት ለክተው ከግማሽ በላይ እንደሚከላከል አገኙና መስጠታቸውን ቀጠሉ። አሜሪካም የተዳከመውን የኤች1ኤን1 ክፍል አምራቹ ከለወጠው በኋላ ሁለት ዓመት ቆይታ መልሳ አስገባችው።

ከዚህ የሚበልጥም አለ። በሕንድ የተመረተ አንድ ዓይነት የአፍንጫ ክትባት በባንግላዴሽ፣ እንዲሁም በሴኔጋል ገጠር በሚገኙ ትንንሽ ልጆች ላይ በአንድ ዓመት ተሞከረ። ባንግላዴሽ ውስጥ ከክትባቱ ጋር የተገጣጠመውን ቫይረስ 57.5 በመቶ ተከላከለ። ሴኔጋል ውስጥ ምንም አልተከላከለም፤ ቁጥሩ ዜሮ ነበር። የኤች1ኤን1 ክፍሉ ድክመት፣ ልጆቹ ቀድሞ ያዳበሩት መከላከያ፣ በዚያ ዓመት የተዛመተው ቫይረስ ሁሉ እንደ ምክንያት ቀርበዋል፤ ክርክሩ እስካሁን አልተዘጋም። የላስታ ልጅ የባንግላዴሹን ልጅ ይመስላል ወይስ የሴኔጋሉን? ይህን በሌላ አገር ቁጥር መመለስ አይቻልም።

የላስታ ገበሬ ይህን ከማንም በላይ ይረዳዋል። በአቡነ ዮሴፍ ጥግ የሚያምረውን ገብስ ወደ ተከዜ ቆላ ወስዶ አይዘራም፤ ማሽላውንም ወደ ደጋ አያወጣም። ዘሩን የሚመርጠው በዝናው ሳይሆን በማሳው ነው። የኢንፍሉዌንዛ ክትባትም በማሳው ካልተለካ በዝና ብቻ ይገዛል፤ ዋጋውም ከባድ ነው፤ ከፍተኛ መጠን ያለው ክትባት ከተለመደው በእጅጉ ይወደዳል።

በማሳ ላይ የተለካ ቅርብ መረጃ የለም ማለት አይደለም። አለ፤ እናቶች ላይ ነው። በማሊ ዋና ከተማ በባማኮ ከ4 ሺህ በላይ ነፍሰ ጡሮች ግማሾቹ የኢንፍሉዌንዛ፣ ግማሾቹ የማጅራት ገትር ክትባት ወሰዱ። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ውጤት የተከተቡት እናቶች ልጆች በተወለዱ በመጀመሪያዎቹ 4 ወራት ወደ 68 በመቶ እንደተጠበቁ፣ ስድስቱ ወር በሙሉ ሲታይ ግን ጥበቃው 33 በመቶ እንደሆነ አሳየ። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ሶዌቶ ላይ እናቱም ልጁም 50 በመቶ አካባቢ ተጠበቁ። ኔፓል ውስጥ ሳርላሂ በተባለ ወረዳ የሕፃናቱ ጥበቃ ወደ 30 በመቶ ቢወርድም ሲወለዱ ክብደታቸው የሚያንስ ሕፃናት በ15 በመቶ ቀነሱ። ሦስቱም ቦታ የተሰጠው የተለመደው መርፌ ነው፤ አዲስም ውድም አይደለም።

ይህ ለላስታ ከሁሉ የበለጠ ዜና ነው። ዕድሜው ከ6 ወር በታች የሆነ ሕፃን ራሱ የኢንፍሉዌንዛ ክትባት አይወስድም፤ የሚጠብቀው የእናቱ ደም ነው። እናቱ ደግሞ ለመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ጤና ኬላ ወይም ጤና ጣቢያ መጥታለች። ሁለተኛ መርፌ በዚያው ቀን ቢጨመር አዲስ መንገድ አይጠይቅም። ኢንፍሉዌንዛ ክትባት ወደ ኢትዮጵያ የሚገባ ከሆነ መጀመር ያለበት እዚህ ነው፤ አፍንጫ ውስጥ ከሚነፋው ሕያው ቫይረስ ይልቅም ለነፍሰ ጡር የሚፈቀደው ይህ መርፌ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ብዙ የውድድር ጽሑፍ የማይነካው ጉዳይ ነው፤ ማቀዝቀዣው። የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቀመጥ አለበት፤ መሞቅ ይጎዳዋል፤ በረዶ መሆን ግን ያጠፋዋል። በላስታ ደጋ ላይ ሁለቱም ስጋት አለ። ከላሊበላ ወደ ጋሸና በሚወስደው መንገድ ላይ ፀሐይ ሳጥኑን ያሞቀዋል፤ ሌሊት ደግሞ በረዶው በቀጥታ የነካው ብልቃጥ ሊረጋ ይችላል። ለዚህ ነው ባለሙያዋ የበረዶውን ጥቅል ከማቀዝቀዣ አውጥታ ውኃው ውስጡ ሲንቦጫቦጭ እስኪሰማት የምትጠብቀው። ፔንታቫለንት በረዶ መትቶት እንደሆነ ብልቃጡን አናውጣ፣ አስቀምጣ፣ ዝቃጩ እንዴት እንደሚወርድ ከጤናማው ጋር አስተያይታ ታውቃለች። ይህ ሙከራ አሉሚኒየም ለታከለባቸው ክትባቶች ብቻ ነው የሚሠራው። አሉሚኒየም በሌለበት በተለመደው የኢንፍሉዌንዛ መርፌ ላይ አይሠራም፤ ረግቶ የቀለጠው ብልቃጥ ከደህናው በዓይን አይለይም። 60 በመቶ ይሠራል የተባለ ክትባት በረዶ መትቶት የእናቲቱ ክንድ ላይ ሲያርፍ ዜሮ ነው፤ ማንም አያውቅም።

ላሊበላ ማቀዝቀዣ ሲቆም ምን እንደሚሆን በሰሜኑ ጦርነት አይታዋለች። ከሐምሌ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ከተማዋ ለወራት ከእጅ ወደ እጅ ስትተላለፍ፣ በአማራ ክልል ጤና ተቋማት ሲዘረፉና ሲወድሙ፣ መብራትም ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ ቆይቷል። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልሉ የተነሳው ግጭት እንደገና መንገድ ዘግቷል። በፀሐይ ኃይል የሚሠራ ማቀዝቀዣ፣ የሚለወጥ መለዋወጫ፣ የሠለጠነ ጠጋኝ የሌለበት ወረዳ ከውድ ክትባት የሚያተርፈው ነገር ጥቂት ነው። ለአዲስ ክትባት ገንዘብ ከተገኘ ከፊሉ ወደዚህ መሄድ አለበት።

የኮቪድ ክትባትም የማቀዝቀዣን ወሳኝነት አሳይቷል። አስትራዜኔካ በየካቲት 2013 ዓ.ም. መጨረሻ ሲገባ፣ ሲኖፋርም፣ ጆንሰን፣ ፋይዘርም ሲከተሉ ሕዝቡ የቱ ይሻላል ማለት ጀመረ። ወረቀት ላይ ፋይዘር 95፣ ጆንሰን 66 በመቶ ነበር፤ ሙከራዎቹ ግን በተለያየ ጊዜና በተለያየ ዝርያ ላይ የተደረጉ ስለሆኑ ቁጥሮቹን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ያሳስታል። ፋይዘር በዋናው ማከማቻ እስከ 90 ዲግሪ ከዜሮ በታች ቅዝቃዜ ይፈልግ ነበር፤ ጆንሰን በተራ ማቀዝቀዣ ተቀምጦ በአንድ መርፌ ያልቅ ነበር። ለሁለተኛ ዙር ግማሽ ቀን በእግር መመለስ ላለባት እናት የቱ እንደሚሻል መገመት አያስቸግርም።

የጊዜው ጉዳይ ይቀራል። ኢትዮጵያ ሞቃታማው ቀበቶ ውስጥ ስለሆነች ቫይረሱ ዓመቱን ሙሉ ሊዘዋወር ይችላል፤ የሰሜኑ ወይስ የደቡቡ ቅንብር ይገዛ የሚለው በቅኝት እንጂ በካርታ አይመለስም። ያ ቅኝት ደግሞ ባዶ አይደለም፤ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ በተመረጡ ጤና ተቋማት ናሙና ይሰበስባል፣ ቫይረሱንም ይለያል። ያማጋታ የሚባለው የቢ ዝርያ እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 2020 ወዲህ በየትም አለመታየቱና ክትባቱ ከአራት ወደ ሦስት ዝርያ መመለሱ የታወቀውም በየአገሩ በሚደረግ እንዲህ ባለ ሥራ ነው። ሳዑዲ ዓረቢያ ለሐጅ ተጓዦች የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ትመክራለች፤ የገናም ሕዝብ ቢሆን የሚያስፈልገው ይኸው ነው፤ ከመርፌ የሚገኘው መከላከያ እስኪጠነክር ሁለት ሳምንት ያህል ስለሚወስድ፣ በወራትም ውስጥ ስለሚደክም፣ ለታኅሣሥ የሚሆነው መርፌ በኅዳር ውስጥ መወጋት አለበት።

ላስታ ላይ የሚደረግ ጥናት ትልቅ ሕንፃ አይፈልግም። በላሊበላ ሆስፒታልና በዙሪያው ባሉ ጤና ጣቢያዎች ከኅዳር እስከ የካቲት ትኩሳትና ሳል ይዞት ከመጣ ሁሉ የአፍንጫ ናሙና ይወሰዳል፤ ናሙናው ወደ አማራ ኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ይላካል፤ ከኢንፍሉዌንዛ ነፃ በሆኑትና በተያዙት መካከል የተከተቡት ስንት እንደሆኑ ይወዳደራል። ባደጉት አገሮች የዓመቱ የክትባት ውጤት የሚታወቀው በዚሁ መንገድ ነው። ክትባቱ ከመግባቱ በፊትም ቢሆን የተያዙት ሕፃናት ስንት ወር እንደሆናቸው፣ እናቶቻቸው በየትኛው ወር እርግዝና እንደነበሩ፣ በገናው ሰሞን ቁጥሩ መጨመሩን ይነግራል። ወልድያ ዩኒቨርሲቲ በአቅራቢያው አለ፤ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎቹም እያንዳንዱን አራስ ቤት በስም ያውቁታል።